ቆርቆሮ ጎጆው ጋ የጠበቀኝ

ይሄን ታሪክ የሰማ ሁሉ "ፀሐይ መትቶህ ነው" ይለኛል።

ይበል። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ። የምነግራችሁ ከሰው አፍ የለቀምኩትን አይደለም፤ በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ነው። አንድም ቃል አልጨመርኩበትም።

ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ። ቦታው የበረሃ አስፋልት... ከፊት ሰው የለም፣ ከኋላ ሰው የለም። ጨለማ ቢሆን ኖሮ ዓይኔ አታለለኝ እል ነበር። ግን ሁሉም ነገር ፍንትው ብሎ ይታያል።

ምናለ ባይታይ ኖሮ...

እኔ ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ። ጓደኛዬ ደግሞ መድኃኒት ቤት ይሠራል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ነው ያደግነው፤ በኋላ እህቴን አገባና ዘመድም ሆንን። ሰፈር ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። ሁሉም "ራዲዮ" ነው የሚለው፤ አይዘጋማ! ሲበላ ያወራል፣ ዳገት ሲወጣ ያወራል፣ እህቴ እንደምትለው ከሆነ ተኝቶም ያወራል።

በረሃውን በብስክሌት እናቋርጥ ያለው እሱ ነው። ደርሶ መልሱ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር፣ ዘጠኝ ቀን። እህቴ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። "ልጁ ከተወለደ በኋላማ ማን ይለቀኛል?" እያለ ሲነዘንዛት ከረመና እያጉረመረመች ፈቀደችለት። ልንወጣ ስንል እኔን ወደ ጓዳ ጎትታ፣ "እሱ ቀልቡ የለም። እኔ የማውቀው አንተን ነው" አለችኝ።

አራት ቀን በሰላም ሄድን። በአምስተኛው ቀን፣ የመመለሻውን መንገድ እንደያዝን፣ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ።

"አንተ ሂድ፣ ጥላ ያዝ። ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው" አልኩት።

ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ወደፊት፣ መንገድ ሠራተኞች ጥለውት የሄዱት የቆርቆሮ ጎጆ ይታያል።

"እንግዲያው ጥላው ውስጥ ተጋድሜ እጠብቅሃለሁ! አደራ ሌላ ድንጋይ ላይ እንዳትወጣ፣ ሰው የራሱን ጎማ እየጠገነ አያረጅም..." እያለ ሄደ። ርቆ ከሄደ በኋላ እንኳን ድምፁ ይሰማኝ ነበር።

ጎማውን ጠገንኩ፣ ነፋሁ፣ ተነሳሁ። ጎጆው ጋ ስደርስ ራዲዮ ተቀምጧል።

ግን ጥላው ውስጥ አይደለም።

በፀሐዩ በኩል ነው። የጋለውን ቆርቆሮ በጀርባው ተደግፎ... ጸጥ ብሎ።

ቆርቆሮውን በጣቴ ጫፍ ነካሁት። ለበለበኝ።

"አንተ! ምን ነክቶህ ነው? ጥላው እኮ በወዲያ በኩል ነው!"

"ይበርዳል" አለ በሹክሹክታ።

"የቱ ጋ ነው የሚበርደው?"

"እዚያ... ጥላው ጋ።"

ግንባሩን ዳሰስኩት። አንዲት ጠብታ ላብ የለችበትም። ፀሐይ መትቶታል ብዬ ክው አልኩ። የውሃ ኮዳዬን ሰጠሁት። አፉ ላይ ደቀነው። ጉሮሮው ወጣ ወረደ፣ ወጣ ወረደ... ሲመልስልኝ ኮዳው እንደሞላ ነው።

"ጠጣ እንጂ!"

"ጠጣሁ።"

ያን ጊዜ ከጎጆው ኋላ፣ ራቅ ካለ ቦታ አንድ ነገር የተጣራ መሰለኝ። ዞር አልኩ። አሸዋና ሠራተኞቹ የቆለሉት የጠጠር ክምር ብቻ ነው የሚታየኝ።

"ሰማህ?" አልኩት።

"ነፋስ ነው። እንሂድ።"

ነፋስ ግን አልነበረም። ቅጠል የሚያወዛውዝ አየር እንኳን አልነበረም...

ጉዞ ቀጠልን። እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ።

እኔ በብስክሌት ድምፅ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። ሱቄ ውስጥ ጀርባዬን ሰጥቼ እንኳን የማን ብስክሌት እንደገባ በድምፁ አውቃለሁ። የራዲዮ ብስክሌት ካቴናው ላልቶ በየዙሩ ቀጭ... ቀጭ... ይል ነበር። ማታ ላጠብቅለት ቀጠሮ ይዤለታለሁ።

አሁን ድምፅ የለውም።

ፍጥነቴን ቀንሼ ጆሮዬን ጣልኩ። የኔ ጎማ አስፋልቱ ላይ ሲንሿሿ ይሰማኛል። የሱ... ምንም። ካቴናውም፣ ጎማውም፣ ፔዳሉም። ድምፅ የሌለው ፊልም የማይ ነው የመሰለኝ።

ነገሩ ሁሉ አልጥም አለኝ። ግን ለራሴ፣ "ሰውየው ታሟል፣ አንተ ካቴና ታዳምጣለህ!" ብዬ ተቆጣሁ።

ትንሽ እንደሄድን ጎኔ መጣ። ፊቱን ወደኔ ሳያዞር፣

"ልጠይቅህ" አለ።

"ጠይቀኝ።"

"ሚስቴ... ምን ዓይነት ሰው ናት?"

ሳቅኩ። የሱ ቀልድ ነው ብዬ። እሱ ግን አልሳቀም፤ መልሴን ይጠብቃል።

"ቀልዱን ተወውና..."

"ቤታችንስ? በሩ በየት በኩል ነው?"

"ከዳቦ ቤቱ ኋላ ነዋ! ሰማያዊው በር" አልኩት፣ ሳላስበው ከአፌ አምልጦኝ።

"ሰማያዊው በር" ብሎ ደገመው። ቀስ ብሎ... እንደሚያጠና ልጅ። ከዚያ፣ "ቀን ቀን ማን ይኖራል? ብቻዋን ናት?"



ሰው ፀሐይ ሲመታው ይዘባርቃል፣ ያስታውከዋል፣ ይወድቃል። ይሄን ሁሉ ራሱ ራዲዮ ከመነሳታችን በፊት አስተምሮኛል። የሚስቱን አድራሻ ይጠይቃል ብሎ ግን አልነገረኝም።

ልፈትነው ወሰንኩ።

"እናትህ እንዴት ናቸው? ስንወጣ ሳልሰናበታቸው..." አልኩት።

እናቱን ከቀበርን ሦስት ዓመት አልፎናል። የሬሳ ሳጥኑን በአንድ በኩል እሱ፣ በአንድ በኩል እኔ ይዘን ነው የሸኘናቸው።



"ደህና ናት" አለ። "እኛ ጋ ናት።"

"እኛ ጋ" ሲል ወሽመጤ ቁርጥ አለ። የት ነው እኛ ጋ? እነማን ናቸው "እኛ"?

አሁን ያለሁበትን አስቡት። ይሄ ራዲዮ ከሆነ ታሟል፤ ጥዬው ብሸሽ ይሞታል። ለእህቴ ምን ብዬ ነው ዓይኗን የማየው? ራዲዮ ካልሆነ ደግሞ... በገዛ እጄ መንገድ እየመራሁ ወደ እህቴ ቤት እየወሰድኩት ነው።

ቆምኩ።

"ምነው?" አለ። እሱም ቆመ። እግሩን መሬት አላወረደም። ብስክሌቱ ግን አልተንገዳገደም... ቀጥ ብሎ ቆሟል።

"ፓምፔን... ጎጆው ጋ ረስቼ..." ተንተባተብኩ። "እዚሁ ጠብቀኝ።"

"አትመለስ" አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ከሹክሹክታ ከፍ አለ። "እዚያ ማንም የለም።"

እኔ እኮ ሰው አለ አላልኩትም!

ልክ በዚያች ቅጽበት ከኋላዬ ክላክስ ጮኸ። እስከ ዛሬ ከዚያ ክላክስ የበለጠ ጣፋጭ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። የውሃ ቦቴ ነው። አጠገቤ ደርሶ ቆመ። ሹፌሩ ሽበታም፣ ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ ሽማግሌ ነበሩ። ወደኔ አላዩም። እኔን አልፈው፣ አስፋልቱ ላይ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቆ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመውን ነው የሚያዩት። መቼ ነው ሃምሳ እርምጃ የሄደው? አሁን አጠገቤ አልነበረም?

"የኔ ልጅ" አሉኝ በሹክሹክታ፣ ከንፈራቸው ሳይንቀሳቀስ። "ጓደኛህ የት ነው?"

"ያውና አባባ... እሱ ነው።"

"እሱን አልጠየቅኩህም" አሉ። የጋቢናውን በር ከፈቱልኝ። "ጓደኛህ የት ነው?"

ቀና ብዬ አየሁ።

ራዲዮ ጋቢና ውስጥ ተጋድሟል።

ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ላቡ እንደ ጎርፍ ይወርዳል፣ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ጡጦ አክሏል። ሲያየኝ እንባው መጣ።

"አንተ... የማትረባ!" አለኝ። "ለምን ጥለኸኝ ሄድክ?"

ጎጆው ጋ እንደደረሰ፣ ሊሸና ከጠጠሩ ክምር ኋላ ዞሯል። ሠራተኞቹ ቆፍረው የተዉት ጉድጓድ ውስጥ ከነብስክሌቱ ገባ። እግሩ ዞረ፣ መውጣት አቃተው።

"ስትመጣ ሰማሁህ። ብጮህ ብጮህ... አንዴ 'ሰማህ?' ስትል ሁሉ ሰምቼሃለሁ። ከሰው ጋ ስታወራ ነበር። ማን ነው ሰውየው?"

ወደ ሹፌሩ ዞርኩ።

"እንዴት አገኙት አባባ?" አልኳቸው።

"ዘጠኝ ዓመት በዚህ መንገድ ነድቻለሁ" አሉ። "በስሜ እየጠራ የሚለምነኝ አለ። አልቆምም። ይሄ ግን ከጉድጓድ ሆኖ አንተን ሲሳደብ ሰማሁት። እንዲህ የሚሳደብ ሰው ብቻ ነው ብዬ ቆምኩ። ግባ አሁን።"

"ብስክሌቴ..."

"ግባ አልኩህ! ወደዚያ አትመልከት።"

ያን ብስክሌት አንድ ክረምት ሙሉ በገዛ እጄ ነው የሠራሁት። አስፋልቱ ላይ ጥዬው ገባሁ። ሹፌሩ ፊት ለፊት ወደቆመው ነዱ፣ መሪ አላጠፉም፣ ፍጥነት አልቀነሱም። ዓይኔን ጨፈንኩ። ምንም አልተመታም። ስገልጠው መንገዱ ባዶ ነው።

ራዲዮ ሁለት ወር በምርኩዝ ሄዶ ዳነ። እህቴ ወንድ ልጅ ተገላገለች። እኔ ደግሞ ቤት ካልቀየራችሁ ብዬ ሙጭጭ አልኩባቸው። "ሰውየው አበደ እንዴ?" እያሉ ቢስቁብኝም፣ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ወደ ሌላ ሰፈር ገቡ። በሩ ቡናማ ነው። ለምን እንዳስቀየርኳቸው አልነገርኳቸውም።

አንድ ሌላም ያልነገርኳቸው ነገር አለ። ለናንተ ግን ልንገራችሁ።

ቦቴው ውስጥ ከገባን ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው። ራዲዮ አንገቱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ እንቅልፍ ወስዶታል። ሹፌሩ ሰማንያ ይነዳሉ። እኔ በበሩ በኩል ተቀምጬ፣ ሳላስበው ዓይኔ ስፖኪዮው ላይ አረፈ።

ከአስፋልቱ ዳር፣ አሸዋው ላይ፣ ብስክሌት ፈጽሞ ሊሄድበት በማይችል ቦታ... ይከተለናል። አይቀድምም፣ ወደኋላም አይቀርም። አቧራ አያስነሳም።

ወዲያው ከኋላው ሌላ አየሁ። ሁለተኛ።

ይሄኛው የሚነዳው ቅድም ጥዬው የመጣሁትን ብስክሌት ነው። የለበሰውም የኔን ቢጫ ሸሚዝ ነው፤ ያኔ ገላዬ ላይ የነበረውን፣ በላብ ርሶ ጀርባዬ ላይ የተጣበቀውን።

እያየሁት እጁን አንስቶ ግንባሩን ጠረገ።

ከዚያ ሁለቱም ጎን ለጎን ሆኑና፣ መሪያቸውን እኩል አጥፈው፣ ወደ ከተማችን በሚወስደው መታጠፊያ ገቡ...