የዛንቤራ ዝናብ ጠሪ ወፍ

ጨረቃ ደም ለብሳ በወጣች ማግስት፣ በዛንቤራ ቤተ መንግሥት ዋርካ ላይ የምትኖረው ዝናብ ጠሪ ወፍ ጠፋች። የሰረቃት ጎምራ ነው፤ የሰማውን ድምፅ ሁሉ አስመስሎ የሚጮኽ የገደል ዘንዶ። እሷ ካልጠራች ሰማይ አይከፈትም፤ ይኸው ሦስት ክረምት ጠብ ያለ ነገር የለም። ከብቱ አልቆ ሞት ወደ ሰው ዞረ።

ንጉሥ አዝመራ ወፍ አዳማጯን ዘርፌን አስጠሩ። የአዳማጭ ሙያ ዓይን አይፈልግም፤ ከሺህ ጩኸት አንዱን ነጥሎ ጆሮን እሱ ላይ መቆለፍ ነው። የቆለፈ አዳማጭ ከጎኑ መብረቅ ቢወድቅ አይሰማም።

«ልጄ፣ አገር በጆሮሽ ላይ ቆማለች» አሉ ንጉሡ።

«ወፊቱን ሳልይዝ ብመለስ ምድር አትቀበለኝ!» ብላ ማለች።

አብሮ አደጓ ቢምረው ጦሩን አንሥቶ ተከተላት። «ድንቢጥ ስታዳምጪ ጅብ ይበላሻል» እያለ ሲተርባት ሰባት ቀን ተጉዘው የጎምራ ገደል ደረሱ።

ወይ ጉድ! ገደሉ ሁሉ ጉድጓድ ነው፤ ጎምራ ከዋሻ ዋሻ እየተሽሎከለከ በወፊቱ ድምፅ ይጮኻል። ዘርፌ ሁለቴ ቆለፈች፤ ሁለቴም የዘንዶው ድምፅ ሆነባት። ቢምረው በጦር ባያስጥላት ተውጣ ነበር።

«ያለው አንድ አፍ ነው» አላት እያለከለከ። «እኔን ሲያስመስል እሷን ይተዋል። እኔ ልጩኽ፣ አንቺ ቆልፊ።»

«አብደሃል? ድምፅህን ተከትሎ ይመጣብሃል እኮ!»

«የእናቴን ከንፈር አላየሽም? ተሰነጣጥቋል። በሞቴ፣ እኔን እንዳትሰሚ።»

ወርዶ ጮኸ። ጎምራም በራሱ በቢምረው ድምፅ መለሰለት። ዘርፌ ዓይኗን ጨፍና ቆለፈች። ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል፤ የዛንቤራዋ ወፍ መጨረሻ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትጎትተዋለች። ያ የተጎተተ ድምፅ ከላይኛው ዋሻ መጣ። ሮጣ ወጥታ ወፊቱን ከድንጋይ ሥር ፈልቅቃ አወጣቻት።

ጆሮዋን ስትከፍት ገደሉ ጭር ብሏል። ጎምራ ጦሩ ጉሮሮው ላይ እንደተሰካ ሞቶ ተጋድሟል፤ ቢምረው ግን ጦሩን እንደሰነዘረ ከተዋጠ ቆይቷል። ዘርፌ መሬት ላይ ተዘርፍጣ እዬዬ አለች።

ወፊቱ ዋርካው ላይ በጮኸች ቀን ሰማዩ ተቀዶ ዝናቡ ወረደ። ሕዝቡ ጭቃው ላይ እየተንከባለለ እልል አለ። የቢምረው እናት እመት ጥሩዬ ግን ዝናቡ እያበሰበሳቸው የዘርፌን እጅ ያዙ።

«ጆሮሽ የተመረቀ ነው ይላሉ፣ ልጄ። ቢምረው መጨረሻ ላይ ምን አለ? ጠራኝ?»

ዘርፌ ልትዋሽላቸው አፏን ከፈተች።

«አልሰማሁትም፣ እመት ጥሩዬ» አለች። «ወፊቱን እየሰማሁ ነበር።»