ከሥር የሚጠላለፍ ክር

ጭራሮ ጨርቁን ገልብጣ አየችው። ያው ነው! ከላይ የሰፋችው መስመር ደህና ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ክሩ ተጠላልፎና ተተብትቦ ድመት የተጫወተችበት መስሏል። ትብትቡን በመቀስ ቆረጠችና የተበላሸውን ቁራጭ ቶሎ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ወሸቀችው። ቦርሳው በእንዲህ ዓይነት ቁራጭ ማበጥ ጀምሯል።

ከጎኗ የተቀመጠችው ድምቡሼ የትራስ ልብሷን ጠርዝ እያጠፈች በስፒል ትይዛለች። ከሥራዋ ቀና አላለችም፤ የከንፈሯ ጥግ ግን የሆነ ነገር ይዟል። ፈገግታም አይደለም፣ ማዘንም አይደለም።

«ምን ሆነ?» አለች ድምቡሼ።

«ምንም።»

«ተበጠሰብሽ?»

«ምንም አልሆነም አልኩሽ እኮ! ምን ታካብጃለሽ?»

ድምቡሼ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ወደ ስፒሏ ተመለሰች። «ነቄ ነኝ፤ ግድ የለም» አለች ጭራሮ በሆዷ።

ጭራሮ የሚለውን ስም ያወጣላት ቅጥነቷ ነው። ለድምቡሼም ስሟን ያወጣላት ጉንጯ ነው። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጎረቤትና ጓደኛ ናቸው፤ ጎን ለጎን ሲሄዱ የሰፈሩ ልጆች «አሥር ቁጥር መጣች!» እያሉ ይስቁባቸዋል። እስከዚህ ክረምት ድረስ ሁለቱም አብረው ይስቁ ነበር።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የጭራሮ አክስት ስፌት ልታስተምራቸው ተስማማች። አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው የመቁረጫ ጠረጴዛዋ፣ መስታወቷና የራሷ መኪና አሉ፤ ደንበኛ የማይታጣውም እዚያ ነው። በጓዳ በኩል ባለው ጠባብ ክፍል ደግሞ ለጀማሪ የተተወች አንዲት አሮጌ ጥቁር የስፌት መኪና አለች። መጀመሪያ ያለ ክር መስመር ባለው ወረቀት ላይ ሰፉ፤ መርፌው የወረቀቱን መስመር ሳይለቅ መሄድ ነበረበት። ከዚያ ክር ማስገባት፣ ከዚያ ቀጥ ያለ ስፌት፣ ከዚያ ማዕዘን ላይ መርፌውን ሳያወጡ ጨርቁን ማዞር ተማሩ።

ሰሞኑን ግን አክስቷ አዲስ ነገር አመጣች። የተማሪዎች ዩኒፎርም እንድትሰፋ ብዙ ሥራ ተሰጥቷት ስለነበር፣ ኪስና ጠርዝ የምትሰፋላት አንዲት ረዳት ትፈልጋለች።

«መኪናዋ አንድ ናት፤ የምትቀመጥባትም አንድ ልጅ ናት» አለቻቸው። «ቅዳሜ የትራስ ልብሶቻችሁን አያለሁ። ጥሩ የሰፋችው ትቀጥላለች።»

«እኔ የእህትሽ ልጅ መሆኔ አይቆጠርም?» አለች ጭራሮ ለቀልድ ያህል።

«መኪና ዘመድ አያውቅም፣ እመቤቲቱ።»

ለጭራሮ ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ካራቴ ጀምራ ትታለች። ፒያኖ ጀምራ ትታለች። ሥዕልንም እንዲሁ። ወንድሟ ከሱቅ ስትመለስ በር ላይ ጠብቆ «እህስ፣ ይሄንንስ መቼ ነው የምትተዪው?» ይላታል። እናቷም ለጎረቤት ስታወራ «እኔ ጀማሪ እንጂ ጨራሽ አልወለድኩም» ስትል በጆሮዋ ሰምታለች። ይቺ እንኳን ከእጇ ብታመልጣት በቤታቸው ማንም ከእንግዲህ እንደማያምናት ታውቃለች። እሷም ራሷን አታምንም።

መኪናዋ ደግሞ ድምቡሼ ስትቀመጥባት እንደ በግ ጸጥ ትላለች። ድምቡሼ በነጭ ክር ሰፍታ ስትነሳ ጭራሮ ነጩን አውጥታ የራሷን ሰማያዊ ታስገባለች፤ ትብትቡም ያን ጊዜ ይጀምራል። ይህ እንዴት ያለ አጋጣሚ ነው? ጭራሮ ዓይኗን ተክላ መጠበቅ ጀመረች፣ አንድ ነገርም ደረሰችበት። ድምቡሼ ከመነሳቷ በፊት ሁልጊዜ ጎንበስ ትልና እጇን ከመኪናዋ ጀርባ ሰደድ ታደርጋለች። አንዲት ነገር «ቀጭ» ትላለች። ከዚያ ምንም እንዳላደረገ ሰው ብድግ ትላለች።

ሰው አንዴ መጠርጠር ከጀመረ የሚያየው ሁሉ ማስረጃ ነው። ድምቡሼ ቀድማ ከመጣች ለተንኮል ነው፤ ከዘገየችም ለማስመሰል ነው። ውኃ ስታቀብላት እንኳ ጭራሮ ብርጭቆውን አገላብጣ አየችው።

ሐሙስ ከሰዓት ድምቡሼ ወደ ቤቷ ስትሄድ ጭራሮ ብቻዋን ቀረች። ክሩ አሁንም ተተበተበ። ተናደደች። የላይኛውን ክር የሚያጠብቀውን ብሎን ይዛ አዞረችው፤ እንደገናም አዞረችው። አክስቷ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስጠነቀቀችው አንድ ነገር ቢኖር ይህን ብሎን ነበር። «ሳትጠይቀኝ እሱን የነካች ከመኪናዬ ትነሳለች» ብላለች። ጭራሮ ግን በሆዷ መልስ አዘጋጅታለች። እሷ ባታበላሸው ኖሮ እኔ መች እነካው ነበር?

ብሎኑም አልረዳትም። ትብትቡን ቆራርጣ ሳትጨርስ አክስቷ የኪስ ቁራጭ ይዛ ገባች። ጭራሮን አስነስታ፣ በእጇ የቀረውን ክር ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ፈጥና አስገብታ ሰፋች። ጨርቁ ተጨማደደ። አክስቷ ቆመች።

«ይሄን ብሎን ማነው የነካው?»

ጭራሮ መቀሱን አስቀመጠች። «ድምቡሼ ናት መሰለኝ» አለች።

«መሰለኝ ነው ወይስ አይተሻል?»

«ከመነሳቷ በፊት ጎንበስ ብላ እጇን ስትሰድ አይቻታለሁ።»

ይህ እውነት ስለነበር ሳያደናቅፋት ከአፏ ወጣ። አክስቷ ብሎኑን ቀስ እያለች ወደ ቦታው መለሰች፤ ፊቷ ደስ አይልም ነበር።

«ነገ ማታ ሱቅ ስንዘጋ እጠይቃታለሁ። እውነት ከሆነ እዚህ ቤት መኪና አትነካም።»

ጭራሮ ያን ሌሊት ደህና አልተኛችም። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ማስረጃ። ድምቡሼን እጅ ከፍንጅ ብትይዛት ሐሙስ የተናገረችው ውሸት ውሸትነቱ ይቀራል። ጠዋት ገና ማንም ሳይመጣ በልብስ ጠመኔ ብሎኑ ላይ ጭረት አደረገች። የሚነካው ሰው ጭረቱን ያዞረዋል።

ድምቡሼ መጣች፣ ሰፋች፣ ጎንበስ አለች፣ «ቀጭ» አደረገች፣ ተነሳች። ጭራሮ ተስፈንጥራ ጭረቱን አየች። ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ሰማያዊ ክሯን አስገብታ ሰፋች። ተተበተበ።

«እስቲ አንቺ ሞክሪው» አለች፣ ድምጿን እያለሰለሰች። «በእኔ ክር።»

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

«አይደለም፤ ሞክሪው በቃ።»

ድምቡሼ ተቀመጠች። ጭራሮ አንዲት ነገር እንዳታመልጣት ከአጠገቧ ተጠግታ ቆመች። ወፍራሞቹ ጣቶች ሰማያዊውን ክር ሳቡና አወጡት። ከዚያ አንደኛው እጅ ከመኪናዋ ጀርባ ሄደ። ያዝኩሽ! ግን እጁ ያደረገው ጨርቁን የሚጫነውን የመኪናዋን እግር ማንሳት ብቻ ነበር። ክሩ ከላይ ወደ ታች፣ ዞሮ ወደ ላይ፣ ከዚያ በመርፌው ቀዳዳ ገባ። ጨርቁ ተቀመጠ። እግሩ ወረደ፤ «ቀጭ»። ድምቡሼ ሰፋችና ገልብጣ አሳየቻት። ከሥሩ እንደ ላዩ ንጹሕ ነው።

«እንደገና አድርጊው» አለች ጭራሮ።

ድምቡሼ እንደገና አደረገችው። እንደገናም ክሩን ከማስገባቷ በፊት እግሩን አነሳች።

ጭራሮ በተራዋ ተቀመጠች። በሕይወቷ አንድም ቀን ክር ስታስገባ ያንን እግር አንስታ አታውቅም። አክስቷ ክር ማስገባት ያስተማረቻቸው ቀን ጭራሮ በበሩ ክፍተት በመስታወቱ ፊት ቀሚስ የምትለካዋን ሙሽራ ታይ ነበር፤ የያዘችው የክሩን መንገድ ብቻ ነው። አሁን እግሩን አነሳችው። ክሩን የሚይዙት ሁለት ክብ ብረቶች ሲላቀቁ አየች፤ ክሩም በመሃላቸው ገባ። እስከ ዛሬ በላያቸው እያለፈ የሚይዘው አጥቶ ኖሯል። እግሩን አወረደች፣ ሰፋች፣ ገለበጠች።

ምንም ትብትብ የለም።

ደስታዋ አንድ ትንፋሽ እንኳ አልቆየም። ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅም ነው የከረመችው። ድምቡሼ ስትነሳ ታደርገው የነበረው ነገር አክስቷ ያዘዘቻቸው ነው፤ መኪናዋን ትታችሁ ስትሄዱ ቁራጭ ጨርቅ ከሥር አድርጋችሁ እግሩን አውርዱ ብላቸዋለች። ጭራሮም የወረደውን እግር እንደወረደ እያገኘችው ክር ታስገባ ነበር።

ከዚያ ሌላ ነገር ገባት፤ ቀና ብላ ድምቡሼን አየቻት።

«አንቺ ከጎኔ ነው የምትቀመጪው። ክር ሳስገባ ታዪኛለሽ» አለች። «ታውቂ ነበር?»

ድምቡሼ ጉንጮቿ ቀሉ። «አውቅ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መጀመሪያ ልነግርሽ ነበር። ምን ሆነ ስልሽ ምንም ትያለሽ። ደግሞ እንደ ሌባ ታዪኛለሽ፤ ውኃ እንኳ ሰጥቼሽ ብርጭቆውን አገላበጥሽብኝ።» ድምቡሼ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ከዚያ ደግሞ ደስ አለኝ» አለች። «እሷ ያንቺ አክስት ናት። እኔ እዚህ ቤት ያለኝ የምሰፋው ጨርቅ ብቻ ነው።»

ጭራሮ ልትጮህባት አፏን ከፈተች። ሐሙስ በዚሁ አፍ የተናገረችው ትዝ አላትና ዘጋችው። ሁለቱም አፍረው የቀረውን ሰዓት በየትራስ ልብሳቸው ላይ አቀርቅረው ዋሉ።

ማታ የመጨረሻዋ ደንበኛ ስትወጣ አክስቷ ጠራቻቸው። የልብስ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

«የመኪናዬ ብሎን ተነክቷል» አለች ወደ ድምቡሼ ዞራ። «አንቺ ነሽ?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም፣ እትዬ!» ድምቡሼ ደነገጠች። «ለምን እነካዋለሁ? ማን ነው ያለው?»

አክስቷ ወደ ጭራሮ አልተመለከተችም። ድምቡሼ ግን ተመለከተች፣ ገባትም። ዓይኖቿ እንባ ሞሉ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ጭራሮ ዝም ብትል የሚሆነውን አውቃዋለች፤ ነገ አንድ የትራስ ልብስ ብቻ ይታያል፣ ወንበሩም የእሷ ይሆናል። ወንድሟም በር ላይ የሚለው ነገር ያጣል። ድምቡሼስ ብትሆን ዝም ብላት አልነበር?

«እኔ ነኝ» አለች።

አክስቷ ዞረች። «ምን?»

«ብሎኑን ያዞርኩት እኔ ነኝ። ክሩ ከሥር እየተተበተበ አስቸገረኝ፤ ያበላሸችው እሷ መሰለችኝ። ግን እግሩን ሳላነሳ ክር እያስገባሁ ኖሮ ነው። እሷ ምንም አልነካችም።» ቦርሳዋን ከፍታ የተበላሹትን ቁርጥራጮች በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው።

አክስቷ አንዱን አንስታ ገለበጠችው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየችው።

«የእግሩን ነገር ማን አሳየሽ?»

የድምቡሼ እጅ የቦርሳዋ ማንገቻ ላይ ደርቆ ቀረ። ጭራሮ አየችው። «እያወቀች ዝም አለችኝ» ብላ ብትጨምር ሁለቱም እኩል ይሆናሉ።

«እሷ ናት» አለች። «እጇን አይቼ ነው የተማርኩት።»

ድምቡሼ ቀና ብላ አየቻት። አክስቷ የሁለቱንም ፊት ተራ በተራ አየች፤ የገባትን ያህል ገብቷት ይሆናል።

«ያልኩትን ታውቂያለሽ» አለች ለጭራሮ። «ለዚህ ክረምት ከመኪናዬ ተነስተሻል።»

«አውቃለሁ።»

ጭራሮ ወደ በሩ ሄደች። ቤት በር ላይ ወንድሟ እንደሚጠብቃት፣ ምን እንደሚላትም ታውቃለች። እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና ተመለሰች። ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተሰፍተው የተቆለሉ፣ ቁልፋቸው ገና ያልተተከለ የዩኒፎርም ሸሚዞች አሉ።

«አክስቴ፣ ቁልፍ የሚተከለው በእጅ ነው አይደል?»

«በእጅ ነው።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት እመጣለሁ» አለች።