የአርብ ስምንት ሰዓቱ ወረቀት

ሐጂ ሙሐመድሸሪፍ አርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞጣ ባለው በገዛ መጋዘናቸው ውስጥ፣ በጤፍ ጆንያዎች መካከል ሞተው ተገኙ። ደረት ኪሳቸው ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ነበር። «መጋዘኑን አርብ ከቀኑ 8 ሰዓት መክፈት ይችላሉ። ሸራውን ገልጠው ናሙና ይውሰዱ። አደጋ የለውም» ይላል።

ይህን የመሰለ ምክር ይሰጣቸው የነበረው ግን ሰው አይደለም። ከአራት ወር ወዲህ ሐጂ የንግዳቸውን ነገር ሁሉ የሚያማክሩት ስልካቸው ላይ ያለውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነበር፤ መቼ ይሸጥ፣ ማን ይቀጠር፣ የትኛው መኪና ይቅደም። የጫነችላቸው አንዲት ልጃቸው ሳብሪያ ናት። እንግዲህ የሰውን አፍ ማን ይይዘዋል! ቅዳሜ ቀብር ላይ «ልጅቱ አባቷን በማሽን ገደለች» ተባለ፤ እሑድ የፖሊስ አዛዡ ኮማንደር ባንተአምላክ ሊያስራት ተነሣ። ሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተር ጥሩአየሁ ከብቸና ተጠርታ መጣች።

ጥሩአየሁ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምትኖር፣ ሰው ሲናገር ጣልቃ የማትገባ ሴት ናት። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ዝም ያለ ሰው ፊት ሁሉም ይለፈልፋል።

መጋዘኑን ያሳያት ንብረት ጠባቂው ዘመነ ነው።

«የነቀዙን ክኒን ማን አስቀመጠው?»

«እኔ ነኝ፣ ያለፈው ሰኞ። ሸራ አልብሰን በሩን እንዘጋለን። ጋዙ ሰው ይገድላል። አንዳንዴ በአራት ቀን ይወጣል፣ ብርድ ሲሆን ሳምንትም ይፈጃል።»

«መውጣቱ በምን ይታወቃል?»

«ጠረኑን በማሽተት ነዋ። ሐጂ ግን ከታመሙ ወዲህ አፍንጫቸው ሽታ አይለይም። ሸሪካቸው አቶ ፈረደ በር ላይ ቆመው ያሸቱና ‹ግባ› ሲሏቸው ነበር የሚገቡት። ዘንድሮ ማሽኑን ጠየቁ።»

«አርብ ስምንት ሰዓት ላይ እዚህ ማን ነበር?»

«ማን ይኖራል? ግማሹ ከጁምዓ አልተመለሰም፣ ግማሹ ምሳ ላይ ነው። አርብ በዚያ ሰዓት ግቢው ጭር ይላል።»

«ይህን ወረቀት ያተምከው አንተ ነህ?»

«ኧረ እኔስ አይደለሁም! ጠዋት ስገባ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። ሳብሪያ መስላኝ።»

ሳብሪያ ደግሞ ዘመነ መስሏት ኖሯል። ዓይኗ አብጦ በአባቷ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«አባዬ አጭር መልስ ካልሆነ በቀር ስክሪን ማንበብ ያቅተው ነበር። መልሱን ይልክልናል፣ እኔ ወይ ዘመነ እናትምለታለን» አለች። «ቀን ቀን ሱቄ ነኝ፤ ብቻውን ሲሆን የሚያወራው ያግኝ ብዬ ነው የጫንኩለት። ኢንስፔክተር፣ ከፈለጋችሁ እሰሩኝ። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«ስልኩስ?»

«ቆልፎታል። ቁጥሩን ለእኔም አልነገረኝ።»

ጥሩአየሁ ስልኩ ደብረ ማርቆስ ሄዶ እንዲከፈት አዘዘችና ሐጂ ያጠራቀሟቸውን ወረቀቶች አንድ በአንድ ታገላብጥ ጀመር። ሰማንያ ሰባት ናቸው። ከጤፍና ከመኪና ጉዳይ መሐል አንዱ ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ አገኘች፦ «ዛሬ ቢሮዬ መጥቶ ማንም አረፍ አላለም። ድሮ ሰው ይመጣ ነበር። ለምን ይመስልሃል?» ጥሩአየሁን የራሷ ቤት ትዝ አላት። ወረቀቱን ገለበጠችው።

«ይህ በየጎኑ ያለው እርሳስ ምንድን ነው?»

«ማሽኑ የሚናገረው በፈረንጅ ሰዓት ነው» አለች ሳብሪያ። «ስንት ጊዜ ብንነግረው መልሶ ያው ነው። አባዬ 14:00 ያለውን ‹8 ሰዓት› እያለ በእርሳስ ያስተካክላል። ዘመነም ሠራተኛ የሚያሰማራው እርሳሱን እያየ ነው።»

ጥሩአየሁ ቀና ብላ አየቻትና ወረቀቶቹን ይዛ ወጣች።

የብቸናውን ቅርንጫፍ የሚመሩት አቶ ፈረደ ለለቅሶ ሞጣ ሰንብተዋል። መጋዘኑ በር ላይ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ አማካሪው ማን ነበር?» አሉ ሳትጠይቃቸው። «እኔ! ያ ዕቃ ከመጣ ወዲህ ‹ፈረደ፣ ምን ይመስልሃል?› ብሎኝ አያውቅም። እኔም ከዚያ የወጣ ወረቀት በእጄ ነክቼ አላውቅም። አንዲት መስመር አላነበብኩም፣ ላነብም አልፈልግ።»

«የቢሮው ቁልፍ አለዎት?»

«ሸሪክ አይደለሁም እንዴ? አለኝ እንጂ።»

«አርብ ዕለትስ የት ነበሩ?»

«ብቸና፣ ቤቴ።»

ረቡዕ ስልኩ ተከፍቶ መጣ። ጥሩአየሁ ብቻዋን አየችውና ሁሉንም የሐጂ ቢሮ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኮማንደር ባንተአምላክ ካቴናውን ይዞ ሳብሪያ አጠገብ ቆመ።

«ኮማንደር፣ ትንሽ ይታገሡ። ይህ ወረቀት ከማሽኑ የወጣ አይደለም» አለች ጥሩአየሁ። «ሰማንያ ሰባቱ ላይ ሰዓቱ በፈረንጅ ነው፤ ጎኑ ላይም የሐጂ እርሳስ አለ። ይህኛው ግን በእኛ ሰዓት ተጽፏል። እርሳስ አላስፈለገውም፤ ሐጂም ልብ አላሉትም። ስልኩ ውስጥ ያለው ረጅም መልስ ‹ጋዙ ሳይለካ እንዳይገቡ› ነው የሚለው፤ እሱን ገና ለማንም አልላኩትም ነበር፤ ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ ሲያዩ የላኩት መስሏቸዋል።»

ሳብሪያ አፏን በእጇ ያዘች።

«ታዲያ ማን ጻፈው?» አለ ኮማንደሩ።

«ሳብሪያ ብትሆን 14:00 ብላ በጻፈች ነበር። ዘመነም እንደዚያው፤ በየቀኑ የሚሠራው በዚያ ነው። ይህን የጻፈው የሐጂን አፍንጫ የሚያውቅ፣ አርብ ግቢው ጭር እንደሚል የሚያውቅ፣ የቢሮው ቁልፍ ያለው፣ ነገር ግን ከማሽኑ የወጣ አንድም ወረቀት አንብቦ የማያውቅ ሰው ነው። እሱን ደግሞ ራስዎ ነግረውኛል፣ አቶ ፈረደ።»

 የአቶ ፈረደ ድምፅ ተሰበረ።

«እንዲሞት አልነበረም! ፈጣሪ ምስክሬ ነው። ትንሽ አዙሮት ‹ማሽኑ ዋሸኝ› እንዲል ነው። በሩ ጎን ቆሜ ነበር። ሲጨንቀው ይጣራል፣ ሮጬ አወጣዋለሁ፣ እንደ ድሮው እኔን ይጠይቀኛል ብዬ። እሱ ግን አልተጣራም። እንዲጠራኝ ስጠብቅ፣ ስጠብቅ… ገብቼ ሳየው አልቋል። ሸሸሁ።»

ኮማንደሩ ካቴናውን ወደ እሳቸው አዞረ። ሳብሪያ ግን «ቆይ» አለች። «አባዬ ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቀው ምንድን ነው?»

ጥሩአየሁ ይህን ላታነብ አስባ ነበር። ግን የልጅ መብት ነው።

«አርብ ከጁምዓ መልስ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ‹ፈረደ ካኮረፈኝ አራት ወሩ። የሥጋ ማዕዳችን ባይገናኝም እሱ ስለሚጾም አርብ አርብ ሽሮ ከአንድ ትሪ እንበላ ነበር። አሁን ብቻዬን ነው የምበላው። ምን ላድርግ?› ይላል።»

«ማሽኑስ?» አሉ አቶ ፈረደ። «ምን አለው?»

«‹ይህን ከእኔ ይልቅ ለእሳቸው ይንገሯቸው፤ አሁኑኑ ይደውሉላቸው› አላቸው። ደውለዋል። ሦስት ጊዜ።»

አቶ ፈረደ እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሄዶ መንገድ ላይ ቀረ።

«ዘግቼው ነበር» አሉ። «ሞጣ መሆኔ እንዳይታወቅ ስልኬን ዘግቼው ነበር።»

ያን ጊዜ ሳብሪያ እሪ አለች። ቀብሩ ላይ እንኳ እንዲያ አላለቀሰችም።