የኋላው ወንበር የቃልቤሳ ነው

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ የምጽፈው የደረሰብኝን ነው... ባለቤቴም አጠገቤ ተቀምጣ እያነበበችው ነው።

ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ ገና ታቃጥላለች፣ ባሕሩ ከመንገዱ ሥር ተዘርግቷል።

ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ 2007፣ ቦታው ቀርጤስ። አዎ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ የምናውቃት የቀርጤስ ደሴት።

ከሚኒያፖሊስ እዚያ ድረስ ምን ወሰዳችሁ ካላችሁኝ፣ የቃልቤሳ ሐሳብ ነው።

ቃልቤሳ የባለቤቴ የገላኔ ታላቅ ወንድም ነው። እናትና አባታቸው ሲሞቱ እሱ ነው ያሳደጋት። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር። ግዙፍ ሰው ነው፤ የእኔ አሮጌ ኮሮላ ውስጥ ሲገባ መኪናዋ ከኋላዋ ዝቅ ትላለች። በዚያ ላይ የኋላው በር ተበላሽቶ ከውስጥ አይከፈትም። ወርጄ እስክከፍትለት ድረስ መስታወቱን በጣቱ ይመታል።

ኳ... ኳ...

"ተስፋ፣ ይሄ መኪና ነው እስር ቤት? ፊክስ አታስደርገውም እንዴ?" ይለኛል።

ነገ ዛሬ ስል ሳላሠራው ቀረሁ።

"ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ከኋላ ጭኜ ድራይቭ አደርጋለሁ" ይል ነበር። "አንድ ቀን ግን እኔ ከኋላ ቁጭ እላለሁ። ያውም ባሕር እያየሁ።"

ቀርጤስን በመኪና ልንዞራት ለሦስታችንም ቲኬት ተቆረጠ። የእሱ ፓስፖርት ግን ሳይደርስ ቀረ። ኤርፖርት ድረስ በታክሲው የወሰደን ራሱ ነው።

"ሂዱ፣ ኢንጆይ አድርጉ" አለን። "የኋላው ወንበር ላይ ግን ዕቃ እንዳታስቀምጡ። የእኔ ነው።"

ገላኔ ቃሉን ጠበቀች። በተከራየነው መኪና የኋላ ወንበር ላይ ሻርፗን እንኳ ጣል አላደረገችም።

ያን ቀን አንዲት ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ ቆምን። ገላኔ መኪና ውስጥ ቀረች። እኔ ካርድ ገዛሁና ከመንገድ ስልክ ቃልቤሳ ጋ ደወልኩ። ላበሽቀው ፈልጌ ነበር።

ስልኩን ያነሳው ግን ሌላ ሰው ነው። ኦቦ ጎንፋ... የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ።

"ተስፋ... ልጄ... ብቻህን ነህ?"

"ብቻዬን ነኝ። ቃልቤሳስ?"



"ትናንት... ታክሲው ውስጥ... ልቡ ነው አሉ።"

የስልኩን ገመድ ይዤ ቆምኩ።

"ስማኝ" አለ በሹክሹክታ። "እንዳትነግራት። በሰው አገር፣ አልቃሽ በሌለበት፣ በገደል እየነዳችሁ መርዶ አይነገርም። ይዘሃት ና። በማግስቱ ጠዋት እኛ እንመጣለን።"

እውነቱን ነው። መርዶ በማለዳ፣ በሰው መሐል ነው የሚነገረው፤ ስትወድቅ የሚይዛት፣ ስትጮኽ አብሯት የሚጮኽ ሰው ያስፈልጋል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጭንቀቴ አንድ ብቻ ሆነ። ቤቷ እስክትገባ እንዳትሰማ።

ፊቴን ታጥቤ ወደ መኪናው ተመለስኩ።

ገላኔ ወንበሯን ወደ ፊት አስጠግታዋለች። ጉልበቷ ከዳሽቦርዱ ጋር ተጣብቋል።

"ምነው አስጠጋሽው?"

"ጠበበው።"

"ማንን?"

ወደ መስኮቱ ዞረች።

"ሻንጣውን" አለች።

ሻንጣችን ያለው ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነበር...

ሞተሩን አስነሳሁ። አቀበቱ ላይ መኪናዋ ከበደችኝ። ጠዋት ሽቅብ ስትበር የነበረች መኪና አሁን ታቃስታለች።

ነዳጅ ማደያ ስንደርስ ቀጂው ሽማግሌ የኋላ ጎማዎቹን አየና ራሱን ነቀነቀ። ሳልጠይቀው ነፋልኝ።

"ከኋላ ብዙ ኪሎ" አለኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛ።

ዞሬ አየሁ። የኋላው ወንበር ባዶ ነው።

ከዚያ በኋላ ባሕሩ ደህና አድርጎ በሚታይበት ቦታ ሁሉ ገላኔ "አቁም" ትለኝ ጀመር። ትወርድና... የኋላውን በር ከፍታ ትቆማለች።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ይናፈስ ብዬ።"

ነፋስ ግን አልነበረም፤ የወይራ ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም።

አንድ ጊዜ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። የምትጸልይ መሰለኝ። ቀጥሎ ግን ፈገግ አለች፤ ሰው ቀልድ ሲነግራት እንደምትስቀው።

'ምስኪን፣ የሆነውን ሳታውቅ' አልኩ በልቤ። መንገድ ዳር ካለ ካፌ አቁሜ፣ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩና ወጣሁ።

"ዓይንህ ቀላ" አለችኝ።

"አቧራ ነው።"

"እሺ" አለች። እጄን ያዘችኝ፣ እስከ ሆቴላችንም አልለቀቀችኝም።

በረራችንን አስቀድመን ተመለስን። የሥራ ሰዓት ተቀየረብኝ ብዬ ዋሸኋት፤ እሷም ለምን አላለችም።

ሚኒያፖሊስ በገባን በማግስቱ፣ ገና ሳይነጋጋ፣ በሩ ተንኳኳ። ኦቦ ጎንፋ፣ ከኋላው የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው።

ገላኔን ልቀሰቅስ ዞርኩ... ክው ብዬ ቀረሁ።

ሳሎኑ ተዘጋጅቷል። ወንበሮቹ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። ገላኔ ጥቁር ለብሳ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ መሐል ላይ ተቀምጣለች።

"ግቡ" አለቻቸው። "አውቃለሁ።"

ከዚያ "ቃልቤ ኮ! ቃልቤ ኮ!" ብላ በኦሮምኛ ጮኸች፤ 'የእኔ ቃልቤ' ማለቷ ነው። ያንን ሁሉ ቀን ውስጧ ይዛው የነበረ ጩኸት ነው። ሴቶቹ ተሯሩጠው ያዟት፤ እኔም ከእነሱ ጋር ወደቅሁ።

ከቀብሩ በኋላ፣ ሰው ቀለል ሲል፣ ቀስ ብዬ ጠየቅኳት።

"ማን ነገረሽ?"

"አንተ ስልክ ስትደውል... መጥቶ ከኋላ ገባ።"

"ማን?"

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"'አትንገሪው' አለኝ። 'እየነዳ ነው፣ ይደነግጥብሻል። ቤት ስትደርሱ ይሰማል።'"

እኔ ከእሷ ስደብቅ፣ እሷ ከእኔ ስትደብቅ፣ ያን ሁሉ መንገድ ሁለታችንም እንባችንን ዋጥ አድርገን ነዳን። ሐዘን ያደረገባት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሌላ ምን ልበል?

ለቅሶው ካበቃ በኋላ ሲዋርድ ሰፈር ያለውን የቃልቤሳን አፓርትመንት ልናስረክብ በኮሮላዬ ሄድን። ቀኑ ብራ ነበር፤ የመጀመሪያው በረዶ እየቀለጠ በመንገዱ ዳር ይወርዳል።

ከቤት ስንነሳ ገላኔ ወንበሯን ወደ ፊት አስጠጋች። አየሁ... ግን አልጠየቅኋትም።

የአፓርትመንቱ በር ፊት ለፊት አቆምኩና ሞተሩን አጠፋሁ።

ኳ... ኳ...

ከኋላ ነው። መስታወቱ ላይ።

ከውስጥ በኩል።



"ገላኔ..."

"ዝም በል" አለችኝ በሹክሹክታ። እንባዋ እየወረደ ነው። "በሩን እኮ እስከ ዛሬ አላሠራህለትም።"

ወረደች። ዞራ የኋላውን በር ከፈተች፤ በሩን በአንድ እጇ ይዛ ቆመች።

"ቃልቤ... ቤትህ ደርሰናል" አለች።

ዞሬ አላየሁም። አቅሙም አልነበረኝም። በሩ ክፍት እንደሆነ ቀዝቃዛው አየር ጀርባዬን ነካኝ።

ከዚያ... መኪናዋ ከኋላዋ በኩል ቀስ ብላ ከፍ አለች።