የተለዋወጡት ሁለት ቁልፎች

«ቀስ በይ፣ ትሰብሪዋለሽ» አለች ጓደኛዋ ናፍቆት።

ዙፋን የሻይ ማንኪያውን እጀታ ከኪቦርዱ ቁልፍ ሥር አስገብታ ወደ ላይ ስትፈነቅለው፣ ኤም የተጻፈበት ቁልፍ ተስፈንጥሮ አልጋ ሥር ገባ። ናፍቆት ተንበርክካ በእጇ እየዳበሰች ፈለገችው። ኤን የተጻፈበት ቀድሞ ተነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«ለሁለት ቁልፍ ይሄ ሁሉ ጭንቀት ምንድን ነው? አታካብጂ ባክሽ።» ናፍቆት አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠቻት። «ወደየቦታቸው መልሻቸውና ጭጭ በይ። ማን ያውቃል?»

«እማዬ ታውቃለች። ስድስት ሳምንት ሙሉ በዚህ ነው የተለማመደችው።»

«እስከ ሰኞው ፈተና ትለምደዋለቻ።»

ዙፋን ሁለቱን ቁልፎች በየቦታቸው አስቀምጣ በአውራ ጣቷ ተጫነቻቸው። ቀጭ፣ ቀጭ አሉ። ከዚህ የቀለለ ሥራ አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን ብታደርገው ኖሮ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

እናቷ ወርቅነሽ አቃቂ ከሚገኝ የክር ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ገቢና ወጪ ዕቃ መመዝገብ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ፋብሪካው አሁን በእጅ የሚሞላውን ካርድ ትቶ ወደ ኮምፒውተር ሊገባ ነው። በደቂቃ ሃያ ቃል በአማርኛ መጻፍ ያልቻለ መዝጋቢ ከሥራው ይሰናበታል ተብሎ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የዙፋን አጎት ቁልፎቹ የማይሠሩ አሮጌ ላፕቶፕ አመጣላቸው፤ በገመድ የሚሰካ ሌላ ኪቦርድም አብሮ ሰጣቸው።

ኪቦርዱ በመጣ በሦስተኛው ቀን ዙፋን ሻይ ደፋችበት። እናቷ «ሻይ ይዘሽ አጠገቡ እንዳትደርሺ» ብላት ነበር። ዙፋን ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነቅላ፣ በሳህን አጥባ፣ አድርቃ፣ እያስታወሰች መለሰቻቸው። ኤምና ኤን ተለዋወጡባት። ማምሻውን እናቷ ልትለማመድ ተቀመጠችና «ዙፋንዬ፣ ኤምን ስነካ “ን” ይወጣል፣ ኤንን ስነካ “ም”። ምን ሆኖ ነው?» አለቻት።

«አማርኛው ላይ እንደዚያ ነው እማዬ። ሁሉም ኮምፒውተር ላይ።»

ነገ አስተካክለዋለሁ ብላ ነበር። እናቷ ግን ወዲያው ደብተሯን አውጥታ በዚያ ካርድ መሙላት በለመደው ጽሕፈቷ ጻፈችው፤ «ም ስፈልግ ኤንን፣ ን ስፈልግ ኤምን።» ከዚያ በኋላ መናገር በየቀኑ እየከበደ ሄደ። ባለሙያ ጸሐፊ ቁልፎቹን ሳያይ ይጽፋል፤ ወርቅነሽ ግን መነጽሯን አድርጋ እያንዳንዱን ፊደል በዓይኗ ትፈልጋለች። አማርኛ ደግሞ ያለ «ም» እና ያለ «ን» አንድ መስመር አይሄድም። ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሃያ አንድ ቃል ጻፈች።

በሩ ተንኳኳና ወርቅነሽ ከሥራ ባልደረባዋ ከአደሴ ጋር ገባች። ናፍቆት «ደህና ዋሉ እትዬ» ብላ፣ ዙፋንን በዓይኗ ጠቅሳ ወጣች።

አደሴ ሐሙስ ዕለት ከመጀመሪያዎቹ ተፈታኞች ጋር ተፈትናለች። «ዐሥራ አራት» አለች ወንበር ስባ እየተቀመጠች። «ያ ልጅ ሰዓት ይዞ ከኋላዬ ሲቆም የገዛ ስሜ ራሱ ጠፋኝ።»

«ምን አሉሽ ታዲያ?» አለች ወርቅነሽ።

«ደብዳቤ ይደርስሻል አሉኝ። እሱንም በኮምፒውተር ይጽፉታል። እሱን የሚጽፈው ሰው እንኳ ሥራ አለው።»

ወርቅነሽ ሳቀች። ኪቦርዱን ወደ ራሷ ሳበችና «በይ አንብቢልኝ፣ አደሴም ትይ» አለች።

ዙፋን የግድግዳውን ሰዓት እያየች ከመጋዘኑ ዝርዝር ታነብ ጀመር። «ነጭ ማግ፣ ሰባት ካርቶን።»

ስክሪኑ ላይ «መጭ ናግ» ወጣ። ወርቅነሽ አጠፋችው። እንደገና «መጭ» ወጣ። ወደ ኪቦርዱ ጎንበስ አለች፤ ጣቷ ከኤም ወደ ኤን፣ ከኤን ወደ ኤም ተመላለሰ። ደቂቃው ሲያልቅ ሰባት ቃል ነበር ያላት።

መነጽሯን አወለቀች። «ትናንት እጄ ላይ ነበር። አየሽ አደሴ፣ የያዝኩትን አያቆይልኝም፤ ጭንቅላቴ አልቋል።»

«እትዬ አደሴ» አለች ዙፋን ወደ እናቷ ሳታይ፣ «የራስን ኪቦርድ ይዞ መፈተን ይቻላል?»

«ወይ አንቺ። ጥበቃው የምሳ ዕቃዬን ክዳን ከፍቶ ሹሮዬን አሽትቶ ነው የሚያስገባኝ።»

«ለምን ይዤ እሄዳለሁ?» አለች ወርቅነሽ። «ሁሉም አንድ ነው አላልሽኝም?»

ዙፋን ማንኪያውን በእጇ ይዛው ኖሯል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሻዩን፣ ሳህኑን፣ የተለዋወጡትን ሁለት ቁልፎች፣ ዛሬ ተደብቃ ወደየቦታቸው መመለሷን ነገረቻት። የፋብሪካው ኪቦርድ ይህኛው አሁን እንዳለው መሆኑንም ነገረቻት። ስትጨርስ አደሴ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች። «እኔ ልሂድ፤ ልብሴ ገመድ ላይ ነው» ብላ ወጣች።

«ከመጀመሪያው ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

ወርቅነሽ ብትቆጣት ይሻላት ነበር። እናቷ ግን ደብተሩን ገልጣ ያንን መስመር ለረጅም ጊዜ አየችው። እስክሪብቶ አንሥታ ሰረዘችው።

«አሁንም ልመልሳቸው እችላለሁ» አለች ዙፋን። «እንደ ትናንቱ ማለቴ ነው።»

«ሰኞ ምን ላደርግበት?» ወርቅነሽ መነጽሯን መልሳ አደረገች። «አንብቢ።»

ዙፋን አነበበች። ነጭ ማግ፣ ሰባት ካርቶን። ጥቁር ማግ፣ ሦስት ካርቶን። የማሽን ዘይት፣ ሁለት በርሜል። እናቷ በእያንዳንዱ «ም» እና «ን» ላይ ትቆማለች፤ ጣቷ ወደለመደበት ይሄዳል፣ ትይዘዋለች፣ ትመልሰዋለች። ከንፈሯን ነክሳለች። በደጅ አንድ ባጃጅ እየጮኸ አለፈ። ደቂቃው አለቀ።

«ስንት ሆነ?»

ዙፋን ቃላቱን ቆጠረች፤ የተሳሳቱትን ትታ እንደገና ቆጠረች። እናቷ ፊቷን ወደ እሷ አዙራ ትጠብቃለች። ዐሥራ ስድስት ብትላት ታምናት ነበር፤ ስድስት ሳምንት አምናታለች። ዐሥራ ስድስት ብትላት ዛሬ እራት በልታ ትተኛ ነበር።

«ዘጠኝ» አለች ዙፋን።