ሢሶውን ማን አወጣው?

«ግማሹን ልትጠይቁን ነው። ሢሶውን ብንሰጣችሁ ግን ትፈርማላችሁ» አለ የተቃራኒው ቡድን ተደራዳሪ አንዷለም፣ ወረቀት እንኳ ሳያይ።

ጽናት የያዘችውን ወረቀት እጥፍ አደረገችው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መምህር ኃይለ ኢየሱስ ለዓለም አቀፍ ፖለቲካ ትምህርት በፈጠሩላቸው ሁለት አገሮች ስም ስለ አንድ ወንዝ እየተደራደሩ ነበር። የጽናት አገር ግማሹን ውኃ ጠይቃ፣ የግድ ከሆነባት በሢሶው ልትስማማ ወስናለች። ይህን የሚያውቁት ሦስት የቡድኑ አባላት ብቻ ናቸው፤ ጽናት፣ ወንድምአገኝና ሲና። ታዲያ ይኼ ልጅ ከየት ሰማ?

ወንድምአገኝ ደወሉን እንኳ አልጠበቀም። ከዘመሮ የመጣችው ሲና የተከራየችው እነአንዷለም ግቢ ነው፤ ልብስ የሚያሰጡት ሳይቀር በአንድ ገመድ ላይ ነው። «ሸውዳናለች፣ ጆሮ ጠቢ ናት» አለ። ጽናት ደግሞ አንዴ መጠርጠር ከጀመረች ማን ይመልሳት! ሲና ማክሰኞ ቀድማ መውጣቷ፣ ትናንት አፏን ሸፍና መሳቋ፣ ሁሉም ማስረጃ ሆነ። ሲና ሲጠይቋት «እኔ አልነገርኩም» ብቻ አለች። የመልሷን ማጠርም ጠረጠሩት።

የመምህሩ ደንብ ግልጽ ነበር። ምስጢር ያወጣ ሰው በቡድኑ ፊርማ ይባረራል፤ ሠላሳ ነጥቡንም ያጣል። ሲና ባለፈው ፈተና ታማ ስለቀረች ያለዚህ ሠላሳ ትምህርቱን ትወድቃለች። ያም ሆኖ ጽናት ደብዳቤውን ጻፈች፤ ሁለቱም ፈረሙበት። ሰኞ ይሰጣል ተባለ።

በማግስቱ ዓርብ ከሰዓት ጽናት ከምትማርበት ከመሐል ሜዳ ከተማ ወደ ቤተሰቦቿ ሄደች። ለዓመታት ተዘግቶ የቆየው የጋራ የሣር መሬት፣ ጓሳ፣ ለአጨዳ ከተከፈተ ሁለት ሳምንት ሆኖታልና ቀዬው በሙሉ እዚያው ነበር። አባቷ አቶ አባይነህ ገና ከሩቅ ሲያዩዋት ማጭዳቸውን አስቀመጡ።

«እህሳ፣ ሢሶዋን አገኘሻት ወይ?»

ጽናት ክው አለች። «አባዬ፣ ስለ ሢሶው ማን ነገረዎት?»

«አንቺ ነሻ! ባለፈው ዓርብ ገመድ ስንገምድ ጮክ ብለሽ ስትለማመጂ አልነበር? እኔማ ልጄ አገር ታደራድራለች ብዬ እዚህ ላለው አጫጅ ሁሉ አወራሁ። ወልደ አማኑኤልማ እንዴት እንደወደደው! ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።»

ወልደ አማኑኤል የአንዷለም አባት ናቸው።

አባቷ ፊቷን አይተው ያጠፉት ነገር እንዳለ ጠየቋት። እርስዎ ምንም አላጠፉም አለቻቸውና ሣሩን ማሰር ጀመረች። በራሷ ተናዳ ነበር፤ ደግሞም ፈርታለች። ዝም ብትል ማን ያውቃል? አንዷለም እንደሆነ አይናገር፣ ደብዳቤው ተፈርሟል። ሁለት ቀን ሙሉ ይህንኑ ስታሰላስል ሰነበተች። አሁን የምትጠረጥረው ራሷን ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሲና መጨረሻው ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። መምህር ኃይለ ኢየሱስ ደብዳቤ ያለው ካለ ያምጣ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ወንድምአገኝ ጽናትን በክርኑ ጎሸም አደረጋት።

ጽናት ደብዳቤውን ከደብተሯ አወጣች። የሲናን ስም ሰረዘች፣ ከላዩ የራሷን ጻፈችና ሰጠቻቸው። ከዚያ ደብተሯን ይዛ ወደ መጨረሻው ወንበር ሄደች።

ሲና ከጎኗ ያስቀመጠችውን ቦርሳ አላነሳችም። ጽናት ቆማ ጠበቀች።