በሟቹ አንገት ላይ የተገኙት ቁልፎች

ሟቹ የፋብሪካውን ብየዳ ሮቦት በከበበው ሽቦ አጥር ውስጥ፣ በሮቦቱ ክንድና በብረት ጠረጴዛው መካከል ተጨፍልቆ ነበር። የጥገና ሠራተኛ ነው። ሮቦቱን ያስነሳችው ደግሞ ማሽኑ ላይ የምትሠራው የገዛ ሚስቱ ናት፤ ጉድ በሉ! ካቴና አጥልቀውላት፣ ልጇን ለማን እንደምትተው እያሰበች ታለቅሳለች።

«ማጥፊያው ላይ ጓጉንቸር አልነበረም!» ትላለች ደጋግማ። «ውስጥ ሰው እንዳለ በምን ልወቅ? ከኔ ቦታ አይታይም።»

መርማሪዋ ሽበታም፣ እሳት የላሰች ሴት ናት። ደንቡን ነገሯት። አጥሩ ውስጥ የሚገባ ሰው ኤሌክትሪኩን ያጠፋል፣ የማጥፊያውን እጀታ በራሱ ጓጉንቸር ይቆልፋል፣ ቁልፉን ይዞ ይገባል። እሱ ወጥቶ ካልከፈተው ሮቦቱ አይነሳም።

«እሱ ግን ሳይቆልፍ ገባ» አለ የፋብሪካው አለቃ። «ይኸው ጓጉንቸሩ፣ ቁልፉ እንደተሰካበት መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጧል። ይልቅ ሥራችን ቆሟል፣ ኢንስፔክተር።»

«ሬሳው ሳይነሳ?»

አለቃው አቀረቀረ።

የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን፣ ደረቱን ይደቃል። «ወንድሜን! ችኮላው በላው! ልጅቷን እኔ አሳድጋታለሁ።»

«ጓጉንቸሩ ስንት ቁልፍ ነበረው?» አለች መርማሪዋ።

«ሲሰጠን ሁለት ነው። አንዱን ሰብረን እንጥላለን። የሱን እፊቴ ነው የሰበረው» አለ ወንድሙ።

መርማሪዋ ሌላው ፊቱን ባዞረበት ደም ውስጥ እጇን ሰደደች። ከሟቹ ሸሚዝ ሥር ገመድ አወጣች፤ ሁለት ቁልፎች ታስረውበታል። አንዱ የሟቹን ጓጉንቸር ከፈተ። ሌላው ጭራሽ አልገባም። ሁሉም እንዲሰበሰቡ አዘዘች።

«ተሰብሯል የተባለው ቁልፍ ይኸው አለ» አለች። «አንዱ ሬሳው አንገት ላይ፣ አንዱ ጓጉንቸሩ ላይ። ሰውየው ቆልፎ፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ አድርጎ ነው የገባው። ከኋላው በሌላኛው ቁልፍ ከፍቶ፣ እጀታውን ወደ ማብሪያው ያነሳና ጓጉንቸሩን ሳጥን ውስጥ የጣለ ሰው አለ። ሚስቱም ማጥፊያው ባዶ መሆኑን አይታ አስነሳች። ታዲያ ይሄ ሁለተኛው የአንገት ቁልፍ የማነው? አንተ፣ እስቲ ጓጉንቸርህን ስጠኝ።»

ወንድሙ ከኪሱ አወጣ። ቁልፉ ገባና ቀጭ ብሎ ከፈተ።

«ቁልፍ ተለዋውጣችኋል። ደንቡን የጣሳችሁት ለመተማመን ብላችሁ ነው። ያንተ እሱ ዘንድ ነበር፣ የሱ አንተ ዘንድ።»

«ትርፉን ቁልፍ እኔ ልያዝልህ ብለው ‘ወንድም ይሻላል’ ብሎ ሳቀብኝ!» ብላ ጮኸች ሚስቱ።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ ያ ሲያለቅስ የነበረ ፊት ባንዴ ደረቀ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ‘እንደ ወንድምህ ሁን’! ሰለቸኝ!» አለ። ቀጥሎ ወደ ሴትየዋ ጠቆመ። «ደግሞ እኔ ምን ነካሁት? ያስነሳችው እሷ ናት!»

ካቴናውን ከሷ ፈትተው ለሱ አጠለቁለት። አለቃው ወዲያው ጠጋ አለ።

«እሷ ነፃ ናት አይደል? ሌላ ማሽኑን የሚችል ሰው የለንም።»

ሴትየዋ የመርማሪዋን ክንድ ጨበጠች።

«ልጄ አባቴን ማን ገደለው ስትለኝ ምን ልበላት?»

«አጎትሽ በያት።»

«በማን እጅ ብትለኝስ?»

መርማሪዋ ክንዷን የጨበጠውን እጅ፣ ደሙ ገና ባልታጠበ እጇ ሸፈነችው።